የይፋት እናት ግንዛቤ አልጎደላትም

ስለ ማገዶ፣ ስለ ደን፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ቤት አያያዝ በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፦ «ዋናው ችግር የኅብረተሰቡ የግንዛቤ እጥረት ነው።» የወረዳው ባለሙያ ይለዋል፣ የረድኤት ድርጅቱ ሪፖርት ይደግመዋል፣ ጋዜጠኛው ሳይጠይቅ ያስተላልፈዋል። ከተማ ገብቶ የተማረው ልጅም ለፋሲካ አገር ቤት ሲገባ የእናቱን ጓዳ ቃኝቶ ያንኑ ይናገራል። መደምደሚያው አንድ ስለሆነ መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ሥልጠና፣ ቅስቀሳ፣ ባነር፣ ቲሸርት። እኔ ይህ አስተያየት ስሕተት ነው እላለሁ። ጎጂም ነው። ገንዘቡንና ጊዜውን ከሚጠቅመው ነገር ነጥቆ ለማያስፈልገው ያውለዋል፤ በዚያ ላይ ማገዶ ተሸክማ የምትውለውን ሴት የጥፋቱ ባለቤት ያደርጋታል።

ማስረጃዬን የማቀርበው ከደብረ ሲና ቁልቁል እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያም እስከ አጣዬ ካለው የይፋት ምድር ነው። እዚያ የሚኖር ቤተሰብ እንጨት እየራቀ መሄዱን በእግሩ ያውቀዋል። ጢስ ዓይን እንደሚያጠፋ፣ ሳል እንደሚያመጣ ያውቃል። ኩበት ከማሳ የተነጠቀ ማዳበሪያ መሆኑን ያውቃል፤ ከቤቱ ጀርባ አመድና ፍግ የሚደፋበት ጓሮ ከሌላው ማሳ ይልቅ ለምለም ሆኖ በየዓመቱ ያየዋልና። የሚጎድለው ሌላ ነው። ለኑሮው የሚስማማ ዕቃ በአቅሙ ዋጋ አያገኝም። አብሮት የሚጀምር ሰውም ያጣል። በቤት ውስጥ የሚደረግ ትንሽ ለውጥ ሥር የሚሰደው ዕቃው ሲገኝና ጎረቤት ጎረቤቱን «እኔ ጀምሬዋለሁ፣ ነይ እስቲ እዪው» ሲል ነው። ክርክሬ ይኸው ነው።

ደብረ ሲና ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ ካበጀው ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ፣ ጉም በማይለየው ገደል ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታዋ 2,600 ሜትር ግድም ነው። ከእሷ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ ሸዋ ሮቢት ይደረሳል። እዚያ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ሽንኩርትና ማሾ የሚመረትበት፣ ሰው በማንጎ ጥላ ሥር የሚያርፍበት ሙቅ ቆላ ነው። ከጣርማ በር ጀምረን ብንቆጥር በዚህ አጭር መንገድ ላይ ማገዶው ሦስት ዓይነት ነው። ከጣርማ በር በላይ ባለው ዛፍ የሳሳበት ደጋ ኩበት ይነዳል። ደብረ ሲና ዙሪያ ባሕር ዛፍና ከወፍ ዋሻ ደን ዳር የሚለቀም እንጨት አለ። ቆላው ላይ የግራር ከሰልና የማሽላ አገዳ ነው። አገዳው ደግሞ ለከብት መኖ፣ ለአጥርና ለግድግዳም ይፈለጋል፤ ስለዚህ ቤተሰቡ እሳት ባነደደ ቁጥር የትኛውን ለየትኛው እንደሚያውል ሲያሰላ ይኖራል። እንዲህ ያለ ሒሳብ በየቀኑ የሚሠራን ሰው አያውቅም ማለት ድፍረት ነው።

የወፍ ዋሻን ነገር ካነሳን አይቀር፣ ይህ ደን ራሱ ይመሰክራል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ የሞላበት ይህ ደን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል፤ የመናገሻ ደንም ከዚሁ በተወሰደ ዘር እንደተተከለ ትውፊቱ ያወሳል። ዘውዱ ከወደቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። በመካከሉ አብዮት፣ ድርቅና ጦርነት ተፈራርቀዋል። ደኑ ተሸርሽሯል፣ ግን አልጠፋም። በዙሪያው በማገዶ የሚኖር ሕዝብ የዛፍን ዋጋ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት ደን አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ፤ «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ባለሙያዎች የተቀረጸ ነው። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወይም ከአሸዋ ነው። አራቱ ክፍሎች ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ይከባሉ፤ ሁለቱ ከኋላ ጢሱ በሚወጣበት በኩል ድስት ይሸከማሉ። ማገዶ ከምንም በላይ የሚበላው እንጀራ መጋገር ስለሆነ፣ ሐሳቡ ትክክለኛውን ቦታ የነካ ነው። በፍተሻ ክፍል ሲለካ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል ተብሎለታል። ታዲያ ምድጃው የተሰጣት አንዲት የደብረ ሲና ዳገት ሴት ጓዳ ጥግ አስቀምጣው በጉልቻ ስትጋግር የሚያገኛት ባለሙያ «ጥቅሙ አልገባትም» ብሎ ይጽፋል።

ገብቷታል። ሦስት ጉልቻ ከመጋገር ሌላ ብዙ ሥራ ይሠራል። ቤቱን ያሞቃል፣ መብራት በሌለበት ያበራል፣ ጢሱ የሣር ክዳኑን ከነፍሳት ይጠብቃል። ጉልቻው ጠበብ ወይም ሰፋ ሲደረግ ትልቁን ድስትም የቡናውን ጀበናም ይቀበላል። ያልተፈለጠ ግንድ እንኳ ጫፉ እየተገፋ ይነድበታል፤ ምርጥ ምድጃ ግን በአፉ የሚገባ ፍልጥ ይፈልጋል፣ ፍልጥ ደግሞ መጥረቢያና ጉልበት ይፈልጋል። ምድጃው ማገዶ የሚቆጥበው እሳቱን ከልሎ ስለሚይዘው ነው፤ በሐምሌ ጉም ልጆቿን እሳት ዳር ለምታሞቅ እናት የሚጎድልባትም ይኸው የተከለለው ሙቀት ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ሒሳቡ ይገለበጣል። እዚያ ቤት ማሞቅ የሚፈልግ የለም፤ በሚያዝያ ሐሩር ክፍት እሳት ፊት መቀመጥ ቅጣት ነው፣ የተከለለ እሳት ደግሞ በረከት። አንድ ምድጃ በዚያው በይፋት ምድር ለሚኖሩ ሁለት ሴቶች ሁለት የተለያየ ዋጋ አለው ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሳያይ ለደጋውም ለቆላውም አንድ ዓይነት ትምህርት የሚሰጥ ሰው፣ ግንዛቤ የሚጎድለው ማን እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ሌላ ማስረጃ አለኝ፤ ቢጫው ጀሪካን። እንስራ ለስንት ምዕተ ዓመት በሴቶቻችን ጀርባ ላይ ኖሯል። ባዶውን እንኳ ከባድ ነው፤ ቢንሸራተት ይሰበራል። ጀሪካን ሲመጣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተካው። ስለ ጀሪካን ጥቅም ማን ሥልጠና ሰጠ? የትኛው ጽሕፈት ቤት ቀስቅሶ ነው ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ያለች ሴት ሁሉ የያዘችው? አንዷ ከምንጭ ቀጥ ብላ ስትመለስ ሌላዋ አየቻት፤ ገበያ ላይ በሚቀመስ ዋጋ ተገኘ፤ አለቀ። ሞባይል ስልክም፣ ኩራዝን ከብዙ ቤት ያስወጣው ትንሹ የሶላር መብራትም በዚሁ መንገድ ገቡ። የእኛ ሰው አዲስ ነገር የሚፈራ ቢሆን እነዚህ አይገቡም ነበር።

ይህን የምለው በስሜት ብቻ እንዳይመስል ጠንከር ያለ ጥናት ላቅርብ። አበበ በየነ፣ ዘነበ ገብረእግዚአብሔርና አለሙ መኮንን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ምርጥ ምድጃን በኢትዮጵያ ገጠር ቤቶች ፈትነው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ባንክ በኩል አሳትመዋል። «ትጠቀሚያለሽ ወይ?» ብሎ በመጠየቅ አልተወሰኑም፤ ምድጃው ስንቴ እንደነደደ የሚመዘግብ የሙቀት መለኪያ ገጠሙበት። ከቤተሰቦቹ ከፊሉ ምድጃውን በነጻ አገኙ፣ ለሌሎች ሌላ ዓይነት የገንዘብ ማበረታቻ ተደረገ፣ ሌሎች ደግሞ ከተጠቃሚ ጎረቤቶች ጋር እንዲገናኙ ተደረገ። ሁለት ነገር ታየ። አንደኛ፣ ተጠቃሚዎችን በአካባቢያቸው እርስ በርስ ማገናኘት በአብዛኛው የማገዶ ቁጠባውን ከፍ አደረገው። ሁለተኛ፣ ከገንዘብ ማበረታቻዎች ሁሉ የጸና ውጤት ያስገኘው በነጻ መስጠት ነው። «በነጻ የተሰጠ ነገር አይከበርም» የሚለው የቢሮዎች ተረት እዚህ ላይ ወደቀ።

ጥናቱ ሌላም እውነት ተናግሯል፤ አልደብቀውም። አንድ ምድጃ በዓመት በአማካይ የሚያድነው ማገዶ 634 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው ግማሽ ገደማ ነው። ለአንድ ቤት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ትንሽ አልለውም። መቶ አባወራ ያለበት አንድ እድር እንውሰድ። መቶውም ቤት ቢጠቀም በዓመት 634 ኩንታል እንጨት ነው። ይህ ከአንድ መንደር የሚቀር ሸክም ነው፤ ከዳገት ላይ በልጃገረድ ጀርባ የማይወርድ እንጨት ነው።

እዚህ ላይ ከሚቀርብብኝ ተቃውሞ ሁሉ ጠንካራውን ላንሳ። «የጤና ኤክስቴንሽንስ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው፤ ታላቅ ሥራ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር የተጀመረው ይህ መርሐ ግብር ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ ሁለት ሁለት አድርጎ በየቀበሌው አሰማራ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ ባወጡት መረጃ መሠረት ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው የኢትዮጵያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረበት 92 በመቶ በ2015 ወደ 29 በመቶ ወርዷል፤ በዓለም ከታዩት ለውጦች ትልቁ። «እንግዲህ ማስተማር ይሠራል ማለት ነው» ይላሉ።

የሠራውን እንለይ። እነዚያ ወጣት ሴቶች ለሦስት ቀን ስብሰባ መጥተው የሚሄዱ እንግዶች አልነበሩም። ደመወዝ እየተከፈላቸው እዚያው ይኖራሉ፤ እናቲቱን በስሟ ይጠሯታል፣ ልጇ ሲታመም ይደርሱላታል። ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ጉድጓዱን ለመቆፈር ደግሞ ዶማና ጉልበት ይበቃል፤ ከገበያ የሚገዛ ዕቃ አይጠይቅም። አንዱ ቤት ሲቆፍር ሌላው ያያል፣ ያልቆፈረውን ይታዘባል። ይህ ሁሉ የእኔን ክርክር የሚደግፍ ነው። ለውጡ የዘገየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ተራውን ጉድጓድ በሲሚንቶ ወለልና በክዳን ለማሻሻል ገንዘብ ሲያስፈልግ። ከዚህም በላይ፣ በኋላ የመጣው የ«አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ጉርብትናን ወደ ሪፖርት ማቅረቢያ ሰንሰለት ሲለውጠው ሰው ልቡን ሰበሰበ። ጎረቤት ስትመክረኝ እምቢ የማለት መብት አለኝ፤ የማደርገውም ለዚህ ነው። ስሜን መዝግባ የምታስተላልፍ ጎረቤት ስትመጣ ግን የማሳያትን ምድጃ ካወጣሁላት በኋላ፣ እሷ ስትሄድ መልሼ ጥግ አስቀምጠዋለሁ። መተጋገዝን የሚገድለው ትእዛዝ ነው፤ አሁን ምድጃ ለማስፋፋት የሚያስብ ሁሉ ይህን ልብ ይበል።

ዕውቀት ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል የሚለው እምነትም በራሳችን ታሪክ የተረታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ውስጥ በአንድ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ በእንዶድ ሲያጥቡ አዩ፤ ከማጠቢያው በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በእንዶድ እንደሚሞት ለዓለም ያሳወቁት ከዚያ ተነሥተው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የሳይንቲስቱ ታላቅነት ሴቶቹን ለማስተማር ባለመቸኮላቸው ነው። ቆመው አዩ። በገደል አፋፍና በወንዝ ዳር እንዶድ የሚለቅም ሰው ያለበት አገር ስለ «አካባቢ ተስማሚ ሳሙና» ከውጭ የተቀዳ ትምህርት ሲሰጠው ያሳዝነኛል።

የፌስታሉ ነገርም ከዚሁ የተለየ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታሎችን አግዶ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ፤ ስሱ ፌስታል በየአጥሩና በየቦዩ ተንጠልጥሎ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ጠንከር ያለ አዋጅ አጸደቀ፤ ቅጣቱ ከአምራቹና ከሻጩ አልፎ ይዞ የተገኘውን ግለሰብም ይነካል። እገዳውን እደግፋለሁ። ነገር ግን ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ይዛ የምትሮጠውን ሴት አስቡ። ቆሎው ድሮ በወረቀት ይጠቀለል ነበር፤ ዛሬ ላስቲክ ውስጥ ነው፤ ላስቲኩ ረክሶ ወረቀቱ ስለተወደደባት ነው። እናቷ እንጀራ በአገልግል፣ ሸቀጥ በዘንቢል የያዘች ሴት ስለ ፌስታል ጉዳት ግንዛቤ ያስፈልጋታል የሚል ካለ አልስማማም። የሚያስፈልጋት በላስቲኩ ዋጋ የሚገኝ ሌላ መያዣ ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ መንገደኛው «በወረቀት ጠቅልይልኝ» ብሎ ሃምሳ ሳንቲም ቢጨምርላት ነው። እዚህ ላይ ማበረታታት ያለብን እኛ ተሳፋሪዎቹ ነን።

ሌላ ወገን ደግሞ አለ፤ ከመጀመሪያው በተቃራኒ የቆመ የሚመስል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ የአንድ ጓዳ ምድጃ ለዓለም ምን ይፈይዳል? አየሩን ያበላሹት ሌሎች ናቸው» ይላል። ከዚህ ወገን ግማሹን እቀበላለሁ። አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ይለቃል፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ሩብ ቶን እንኳ አይሞላም። የደብረ ሲና እናት ለዓለም አየር የምትከፍለው ዕዳ የለባትም። በ1998 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ በደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ወይን ላይ ተራራው ሲናድ፣ ብዙ ቤትና ማሳ ተውጦ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲፈናቀል፣ ምክንያቱን በእንጨት ለቃሚ ሴቶች ላይ ሊጥል የሚሞክር ሰው ቢኖር እቃወመዋለሁ። ያ ቁልቁለት በስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ያለ፣ ድንጋዩ የተበላ፣ ምንጭ ከሥሩ የሚፈስ፣ ክረምቱ የሚከብድበት መሬት ነው።

ግማሹን ግን አልቀበልም። ምድጃው ለዓለም ምንም ባይፈይድ እንኳ ለእሷ ይፈይዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ዓይኗ፣ ሳንባዋ፣ ወገቧ፣ እንጨት ስትለቅም ከትምህርት የምትቀር ልጇ፤ የትንሹ እርምጃ ትርፍ እዚህ ነው ያለው። ዕዳው የሌሎች ነው ካልን ደግሞ ከፋዩን እንጠይቅ። ቀደም ሲል የጠቀስኩት የምርጥ ምድጃ ጥናት እንዳሰላው አንድ ምድጃ በዓመት የሚያስቀረው ብክለት በጊዜው በካሊፎርኒያ የካርቦን ገበያ ዋጋ ቢሸጥ የምድጃውን ወጪ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመልሳል። ስለዚህ ምድጃው በነጻ ይሰጥ ስል ምጽዋት እየለመንኩ አይደለም።

አዲሱ ተስፋ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ያመነጫል ተብሏል፤ ሁላችንም ያዋጣንበት ስለሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። ግን የግድቡ ኃይል ጓዳ እስኪደርስ ምድጃውን ማቆየት አይቻልም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ በደረሰ ጊዜ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ የሚጋግር ቤት ምን ሊገጥመው እንደሚችል ታይቷል። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን አንድ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል ከሦስት መቶ በላይ የሚያበራ ኃይል ነው። የሰፈሩ ሴቶች በበዓል ዋዜማ አንድ ላይ ሲሰኩ ትራንስፎርመሩ ይወድቃል። መፍትሔውን ብዙ ግቢዎች ያውቁታል። ምጣዱን መጀመሪያ ማጋል ብዙ ኃይል ስለሚበላ፣ አንዷ ጋግራ ስትጨርስ ሳይበርድ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ትተካለች። ይህን ልማድ ማንም ባለሙያ አላመጣውም፤ ተራ ማውጣትና መተማመን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ማበረታታት የምለው እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነው፤ መዋቅሩም አለን። እድርን ተመልከቱ። ድንኳኑን፣ ትልልቅ ድስቱን፣ አግዳሚ ወንበሩን መቶ ቤተሰብ በጋራ ይዞ በተራ ይጠቀምበታል። መቶ ቤት መቶ ትልቅ ድስት እንዳይገዛ ያደረገ ተቋም ነው። ሌላው ዓለም ዕቃ ተካፍሎ መጠቀምን እንደ አዲስ ግኝት ሲያወራው፣ የይፋት እድርተኛ ለቅሶ ቤት ድስት ሲያመላልስ ኖሯል። በዚህ ላይ እቁብ አለ። የአንድ ሰፈር ሴቶች ዕጣ በወጣ ቁጥር በገንዘቡ አንድ ምድጃ የሚገባበት እቁብ ቢጥሉ፣ ምድጃው በየተራው ይገባል፤ የመጀመሪያዋ ባለዕጣ ያየችውን ጉድለት ሁለተኛዋ ሳትገዛ ትሰማለች። አፉ ጠባብ ከሆነ እዚያው ያለው ሠሪ ያሰፋዋል። ደጋው ላይ ለመሞቂያ ክፍት እሳት ለብቻው ይኖር ይሆናል፣ ለእንጀራው ደግሞ ምድጃው። ይህን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ከንግግር ይልቅ ማየት እንደሚያሳምን አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቆላው ላይ ለማሾና ለማሽላ ማከማቻ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት መጥቷል፤ ፒክስ ይሉታል። ከውስጥ ሁለት ላስቲክ፣ ከውጭ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል፤ የሚያስፈራውን የጎተራ መርዝ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ያስወጣል። ከረጢቱን ያስፋፉት ሰዎች አንድ ጥሩ ነገር አደረጉ። እህሉ ለወራት ታስሮ ከቆየ በኋላ መንደሩ ተሰብስቦ ከረጢቱ በሁሉም ፊት ይከፈታል። ንግግር አያስፈልግም። እህሉ ነቅዞ ከሆነ ሁሉም ያያል፤ ደኅና ከሆነም ሁሉም ያያል። የመጋገሪያ ቀንም እንዲሁ ሊሆን ይችላል፦ በአዲሱ ምድጃ የጀመረችው ሴት ጎረቤቶቿን ለቡና ትጥራ፣ አንድ ዓይነት ሊጥ በጉልቻና በምድጃ ይጋገር፣ የተረፈው ማገዶ ጎን ለጎን ይቀመጥ። የምታስረዳው እሷ ትሁን፤ ስለ ምድጃው መጥፎውንም ደጉንም።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና ለረድኤት ድርጅቶች የምለው አጭር ነው። ከዓመታዊ ዕቅዳችሁ ላይ «የሠለጠኑ ሰዎች ብዛት» የሚለውን መስመር ሰርዙትና በምትኩ «ከአንድ ዓመት በኋላም የሚነድባቸው ምድጃዎች ብዛት» ብላችሁ ጻፉ። የምድጃ ሠሪውን ሲሚንቶ እንዲያገኝ እርዱት። ከደብረ ሲና ሴቶች ጋር ስትቀመጡ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ለደጋ ቤት የሚሆን፣ የሚያሞቅም የሚቆጥብም ምድጃ እስካሁን ያልተቀረጸው እነሱን የጠየቀ ስለጠፋ ነው ብዬ አምናለሁ። አንተም አንቺም ከከተማ ለበዓል ወደ ይፋት የምትወርዱ፣ ለእናታችሁ ምክር ይዛችሁ አትሂዱ፤ የምድጃውን ዋጋ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለጎረቤቷም ጨምራችሁ፤ ሁለት ሲሆኑ ይበረታሉና። ለሥልጠና የተያዘው የሚቀጥለው ዓመት በጀት ደግሞ ምድጃ ይገዛበት።